የሚስተር ዴንት ጉርሻ

ወንዳፍራሽ የሰደበኝ ባለፈው ዓመት በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሬንተን ከተማ ባለው ቤታቸው ኩሽና ውስጥ ነው። ፍሪጁን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ተናኘ ነበረች፣ ልጃቸው ሐሴትም ነበረች። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ለሚስተር ዴንት ቀጭን ውኃ አትስጧቸው፣ ትን ይላቸዋል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ስምንተኛን ወድቀህ መጥተህ፣ ዳይፐር ቀይር ተባልክ እንጂ ዶክተር ሁን ተባልክ? ካልጠየቅንህ አትናገር፣ ኦኬ?"

ሐሴት "ዳድ፣ ስቶፕ" አለች፣ እየሳቀች። ተናኘ ስልኳን ማየት ቀጠለች። ከሁሉም ያንገበገበኝ የእሷ ነው። ነርስ ናት፤ ልክ መሆኔን ታውቃለች።

ቤታቸው አዛውንት የሚጦሩበት ነው። አራት ሰው ይዘዋል። እኔ ተቀጣሪያቸው ነኝ፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ከአራቱ አንዱ ኦርቪል ዴንት ናቸው። ቤዝቦል ለማያውቅ ልንገረው፤ ኳሷን በዱላ መትተው አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ከአጥር ውጭ ያወጡ ሰው ናቸው። ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ያሉ ሽማግሌዎች ስማቸው ሲነሳ ኮፍያ ያወልቃሉ። አሁን ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ያ ክንድ ማንኪያ አያነሳም። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ጉሮሯቸው አልታዘዝ ብሏል። ምግባቸው ይፈጫል፣ ውኃቸው በዱቄት ይወፍራል። በየካቲት አንዲት ቁራሽ ዳቦ ወደ ሳንባቸው ገብታ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል አስተኛቻቸው። ሐኪሙ "ከደገማቸው አይመለሱም" አለ። ለእኔ ነው ያለኝ። ያልተፈጨ ምግብ እንዳይሰጣቸው የጻፈውን ትእዛዝ ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ።

ሳበላቸው ያወሩኛል። "ወጣት ሆኜ ወደ አገሬ ደቡብ ወርደን ስንጫወት ነጮቹ ተመልካቾች ከአጥሩ ኋላ ሆነው ቀኑን ሙሉ ይሰድቡኝ ነበር። አንድም ቀን መልሼላቸው አላውቅም። ኳሷን ብቻ እመታ ነበር።" ይህን ዝምታቸውን ሰው ሁሉ ያደንቃል። እኔ ግን አስባለሁ፤ ዱላ የያዘ ሰው ዝም ቢል ያምርበታል። እኔ ምን ይዣለሁ?

ያለፈው ቅዳሜ፣ ሬኒየር ቫሊ ያለ አንድ የልጆች ሜዳ በስማቸው ሊሰየም ነው ተብሎ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ካሜራ ይዘው መጡ። ተናኘ ሥራ ገብታ ነበር። ወንዳፍራሽ ሱፉን ለብሶ፣ ጥብስ አዝዞ ጠረጴዛ ሞልቷል። ፍሪጁን ሳይ ወረቀቱ የለም። ፎቶ ያበላሻል ብሎ አንስቶታል።

ሚስተር ዴንት ከጠዋት ጀምሮ ያስላሉ። እርጥብ ሳል ነው፤ ድምፃቸው ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

"በኛ አገር የተከበረ ሰው በእጅ ነው የሚጎርሰው!" አለ ወንዳፍራሽ ለካሜራው። እንጀራ ቆርሶ ሦስት ቁራጭ ሥጋ ጠቀለለበት። የሕፃን ጡጫ ያክላል። "እንኩ፣ ሚስተር ዴንት፣ ይቺ የፍቅር ናት!"

የሚያጎርስን እጅ መመለስ ነውር መሆኑን ሽማግሌው ያውቃሉ። የተፈጨውን ምግብ አልበላም ሲሉ ይህን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። አፋቸውን ከፈቱ።

ወንዳፍራሽ እጁን አየር ላይ አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። የሆነ ነገር ትዝ ብሎት መሰለኝ።

"ገመዳ፣ ሥጋ ይበላል አይደል? ምነው ዝም አልክ ዶክተር?"

እንግዶቹ አማርኛው ሳይገባቸው ሳቁ።

ከዚያ ሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቅኩ። አንድ ቃል ትበቃ ነበር። ሚስተር ዴንት አፋቸውን እንደከፈቱ ዓይናቸውን እኔ ላይ አደረጉ። ማንኪያውን ሁልጊዜ የምይዘው እኔ ነኝና፣ የሚጠብቁት እኔን ነው።

ጓንቴን አወለቅኩ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩትና ያቺን ቃል ሳልናገር በጋራዡ በር ወጣሁ።