የደረቀ ምርቃት

አክስቴ ሰሊማ ልጇ ፉአድ ሚኒባስ ሲገዛ መረቀችው። በእኛ ቤት እናት ስትመርቅ ግንባር ላይ እንትፍ ትላለች፤ ምራቋ ካልነካ ምርቃቱ እንደ ደረሰ አይቆጠርም። ፉአድን የነካው ትንፋሿ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መኪናው አዲሎ መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። እሱ ተረፈ፤ የእናቱን ደጅ መርገጥ ግን ተወ። “ለሪያድ እርጥቡን፣ ለእኔ ደረቁን” ይላል ታናሽ ወንድሙን እያነሳ። ይኸው ሁለት ዓመቱ።

አክስቴ ወደ እኔ የመጣችው ቆጮ አልዋጥ ብሏት ነው። ከውጭ አገር ትምህርቴ ወደ ሆሳዕና ከተማ ከተመለስኩ አምስት ወር ሆኖኛል፤ እዚህ እቆይ እንደሆነ አላውቅም። ሥራዬ ከሰው ተቆርጦ የመጣን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ከታችኛው ከንፈሯ ውስጥ ምራቅ የሚያመነጭ ትንሽ ዕጢ አወጣንና አየሁት። ነጭ የደም ሴሎች በዕጢው ቱቦዎች ዙሪያ ጥቅጥቅ ብለው ሰፍረዋል። ከበሽታ ሊጠብቋት የሚገባቸው ናቸው፤ ዕጢዋን እንደ ባዕድ ቆጥረው እያጠፉት ነው።

ስነግራት ስለ ሕክምናው አልጠየቀችም። “ይህንን ለፉአድ ንገርልኝ” አለች። “እንዳልነፈግኩት ይወቅ።”

በማይክሮስኮፕ ያየሁትን ፎቶ አንስቼ በስልኬ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ፉአድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል።

“እነዚህ ነጠብጣቦች ናቸው እናቴ?”

“ዕጢዋ ነው። ነጠብጣቦቹ የሚያጠፉት ሴሎች ናቸው።”

“እኔን ስትመርቀኝ ነበሩ?”

“አላውቅም።”

ሳቀ። “ባሕር ተሻግረህ ስንት ዓመት የተማርከው አላውቅም ለማለት ነው፣ ዶክተር?”

“ነበሩ” ብዬው ቢሆን ነገሩ ያልቅ ነበር። ምናልባትም እውነት ነው፤ በሽታው ለዓመታት ቀስ እያለ የሚሄድ ነው። እኔ ግን ያየሁት የዛሬውን ብቻ ነው።

“ዛሬ ምራቅ እንደሌላት አውቃለሁ” አልኩት። “ስምህን ስትጠራ ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል።”

ስልኬን መለሰልኝ። “ትጠራኛለች?” አለ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ቤት መጣ። ከሰላምታ በፊት ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ሰጣት። እንትፍ አለች፤ ምንም የለም። ውኃ ባቀብላት ገፋችው።

“የቧንቧ ምርቃት አልሰጥም።”

ሎሚ ቆርጬ ሰጠኋት። “ጭማቂውን ዋጪው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ያንቺ ነው” አልኳት። መጠጠች፤ ፊቷ ተጨማደደ።

“እማ፣ ወገቤ!” አለ ፉአድ።

“ዝም በል፤ እየመጣ ነው።”

ስለ መምጣቱ እርግጠኛ አልነበርኩም። ፉአድ ግን ቀና አላለም።