የሾፌሯ ግራ እግር

ሴትየዋ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። አንድ ጠዋት ከአውቶቡሷ ስትወርድ እርጥቡ ደረጃ አዳለጣትና ወድቃ ግራ ጉልበቷ ተጎዳ። ሆስፒታል ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጄሶ ታሰረላት። ማስታገሻው አደንዝዟት ስለነበር ሐኪሙ ሲያስረዳ የሰማው ባሏ ነው።

«ምን አለ?» አለችው ቤት ሲገቡ።

«ንቅንቅ እንዳትዪ ብሏል። እኔ አለሁልሽ።»

እውነትም አለላት። ትራሷን ያስተካክላል፣ እራቷን አልጋዋ ድረስ ያመጣል። ደግፎ ሊያነሳት ሲጎነበስ «ኧረ ወገብህን» ስትለው፣ «ደግሞ አንቺ ምን ትከብጃለሽ» ይላታል። ልትጠይቃት የምትመጣው እህቷ «እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል» እያለች ትቀና ነበር። ሾፌሯም በሙሉ ልቧ አምናው ተኝታ ከረመች።

ጄሶው ሲወልቅ የገዛ እግሯን አላወቀችውም። ጭኗ ሟሽሾ ክንድ አክሏል። ቀጥ አድርጋ ልታነሳው ብትል አልታዘዝ አላት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጭኗን ዳሰሰችና ግራ ገባት። «ጄሶው ውስጥ እያለ የጭንሽን ጡንቻ ማጥበቅና መልቀቁን አልሠራሽም?»

«ማን ነግሮኝ?»

«ጄሶው የታሰረልሽ ቀን ለባለቤትሽ አሳይቼው ነበር እኮ። ራሱም ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሞክሮታል።»

ባሏ በሩ ጋ ቆሞ ጫማውን ጫማውን ያያል።

ቤት ሲደርሱ «ረስተኸው ነው አይደል?» አለችው፤ አዎ እንዲላት ፈልጋ።

«አልረሳሁም» አለ። «ቶሎ ከዳንሽ በጠዋት ወጥተሽ ማታ ልትገቢ ነው። ከሥራ ስመለስ ቤት ሳገኝሽ ደስ አለኝ። ክፉ አስቤ አይደለም።»

«እግሬ እዚያ ውስጥ እየሞተ መሆኑን እያወቅህ ነው ትራስ የምታስተካክልልኝ?»



ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበቷ ሥር አድርጋ ቁልቁል ትጫነዋለች። መጀመሪያ ጡንቻው ትንሽ ይርገበገብና ይጠፋ ነበር። ቆይቶ ተረከዟ ከወለሉ ተነሳ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ዝቅ ብድግ ማለት ጀመረች፤ ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። ባሏ «ልያዝልሽ?» ሲላት «ተወው» ብላ እህቷን ትጠራለች።

«ስለሚወድሽ እኮ ነው» አለቻት አንድ ቀን እህቷ።

«እሱማ ይወደኛል» አለች ሾፌሯ። «እኔ ነኝ እንዴት እንደማምነው የጠፋኝ።»

ወራት ቆይቶ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፍሪሲዮኑን በግራ እግሯ ስትረግጥ ጭኗ አልተንቀጠቀጠም። ከባሏ ጋርም አልተፋቱም፤ አብረው ይበላሉ፣ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ብቻ ጠዋት ልትወጣ ስትል «ውጭ እየዘነበ ነው፣ ጃንጥላ ያዢ» ካላት፣ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን ገልጣ ታያለች።