ከደንብ ውጪ የሆኑ ግሶች

ሸዋዓለም ወደ ቀበሌ የተጠራችው ዘጠነኛ ክፍልን እያስተማረች ሳለ ነው። ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ በሩን ገፍቶ ስሟን ሲጠራ ጠመኔዋን እንደያዘች ወጣች። በጥር 1970 ዓ.ም. ጎባ ላይ የተጠራ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ከደብረ ብርሃን ተመድባ ከመጣች ወዲህ ሦስት ባልደረቦቿ እንዲሁ ተጠርተው ሄደዋል፤ የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ያየውን ለማንም አላወራም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጉሉማ ጠረጴዛው ላይ አንድ የደብተር ወረቀት ዘርግቶ ጠበቃት። ወረቀቱን ገና ከሩቅ አወቀችው። ባለፈው ሳምንት ለክፍሉ ያጻፈችው ባለ ሦስት ዓምድ የእንግሊዝኛ ግሶች ዝርዝር ነበር። የእጅ ጽሑፉ የሞሚና ነው። ሞሚና የሮቤ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጎባ የምትማረው አክስቷ ዘንድ ሆና ነው። ወንድሟ ዲማ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ጫካ ገብቷል ይባላል። ጥበቃዎቹ እሱን ፍለጋ ጠዋት የአክስትየዋን ቤት ሲበረብሩ ወረቀቱን ከሞሚና ደብተር መሃል አገኙት።

ሞሚና እንግሊዝኛው አልገራ ስለሚላት በየቃሉ አጠገብ ድምፁን በአማርኛ ፊደል ትጽፋለች። ሸዋዓለም ስለዚህ ልማዷ ስንት ጊዜ ተቆጥታታለች።

ጉሉማ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ‹ሂድ› ይላል። ከታች ‹ላይ› ይላል። ማንን ነው ወደ ላይ ሂድ ያላችሁት? ሳኔቲ ተራራ ላይ የሚጠብቀው ማን ነው?»

ሸዋዓለም የእንግሊዝኛ ግስ መሆኑን፣ «ሃይድ» የሚለው ቃል ድርጊቱ ሲያልፍ «ሂድ» እንደሚሆን፣ «ላይ» ደግሞ መጋደም ማለት እንደሆነ ልታስረዳው ሞከረች። «ሃይድ» ማለት ምን እንደሆነ ጠየቃት። መደበቅ ነው አለች፤ ምን እንዳለች የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ጉሉማ ወረቀቱን ገለበጠ። በጀርባው ሲበዙ «ስ» የማይጨመርባቸው፣ ከውስጣቸው የሚለወጡ ስሞች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ረድፍ «ማን፣ ሜን» ይላል። እሱንም ማን እንደሆነ ጠየቃት። ሰው ማለት ነው፣ ሲበዛ ሰዎች፣ አለችው። ድምፅዋ ለራሷም የውሸታም ድምፅ መሰላት።

በመጨረሻ ጉሉማ ረጋ ብሎ ተናገረ።

«ይህን ያጻፍሽው አንቺ ካልሆንሽ ንገሪኝ። ያኔ ጉዳዩ የልጅቷ ብቻ ይሆናል፤ አንቺ ወደ ክፍልሽ ትመለሻለሽ።»

አይደለሁም የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ሰው አፉን አፍኖ ሲያስል ሰማች፤ ክረምት ከበጋ የማይለቃት የሞሚና ሳል ነበር።

«እኔ ነኝ ያጻፍኳት» አለች።

ሞሚናን አመጧትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞሯት። ጉሉማ የየረድፉን የመጀመሪያ ቃል እያነበበ ተከታዮቹን እንድትናገር አዘዛት። ልጅቷ አንድ ሁለቱን በትክክል መለሰች። «ጎ» ሲላት ግን «ጎድ» አለች። ወረቀቱ ላይ ያለው «ዌንት» ነበር።

«ቃላችሁ አልተስማማም» አለ ጉሉማ።

ሸዋዓለም ብዙዎቹ ግሶች መጨረሻቸው ላይ «ድ» ብቻ እንደሚጨመር፣ ይኼኛው ግን ደንቡን ጥሶ ጨርሶ ሌላ ቃል እንደሚሆን፣ ልጅቷም ሁልጊዜ እዚሁ ላይ እንደምትሳሳት ተናገረች። ጉሉማ ስሙን ቀይሮ የሚሄድ ሰው ብዙ አይቻለሁ አለ። እሷም ዝርዝሩ በመማሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስለሚገኝ ሰው ይላክ ብላ ለመነች።

ጥበቃው መጽሐፉን ይዞ እስኪመለስ ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ጉሉማ አንድ ጣቱን ወረቀቱ ላይ፣ አንዱን መጽሐፉ ላይ አድርጎ ረድፍ በረድፍ ወረደ። ጣቱ በቆመ ቁጥር የሸዋዓለም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል። ከታች ሲደርስ መጽሐፉን ከደነ። ግሱ ግስ መሆኑን አምኛለሁ አለ፤ የልጅቷ ወንድም የት እንዳለ ግን መጽሐፉ አይናገርም። ሞሚና አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ብትጠፋ በምትኳ መምህርቷ እንደምትታሰር ጽፎ ሸዋዓለምን አስፈረማት።

መንገድ ላይ ሞሚና ቀረብ አለቻት።

«ቲቸር፣ ወላሂ ለእርስዎ አልደብቅም። ዲማ ያለው ሪራ...»

«አልሰማሁም» አለቻት ሸዋዓለም። «ሁለተኛ እንዳትናገሪው፤ ለእኔም ቢሆን።»

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ስም ስትጠራ ወደ ሞሚና ስም በተጠጋች ቁጥር ድምፅዋ ይሰልላል፤ «አቤት» የሚለውን እስክትሰማ ዓይኗን ከመዝገቡ አታነሳም። ልጅቷ እስከ ሰኔ አንድ ቀን አልቀረችም፤ ታማ እንኳ ተደግፋ መጥታለች። በክረምቱ ሸዋዓለም ወደ ጎሮ ተዛወረች። እዚያም ግሶቹን አስተማረች፤ ግን በቃል ብቻ፣ ምንም ሳታስጽፍ።