ለባሕር የተሸከመችው ባና

ደጋው ጎረቤላ ላይ ጋቢ ሳይለብሱ ማደር ሞትን በገዛ እጅ መጥራት ነው። ባዩሽ ግን ሁለት ክረምት ሙሉ እንዲያ አደረች። ቀሚሷን እንደለበሰች መደቡ ላይ ጋደም ትላለች። ባሏ ዘውዴ ጋቢ ሲደርብላት ገፍፋ ትጥለዋለች። ሳሏ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። «ልጄ ሳይለብስ እኔ አልለብስም» ትላለች፤ ከዚህ ሌላ መልስ የላትም።

ልጇ ናትናኤል የሞተው ባሕር ላይ ነው። አረብ አገር እሻገራለሁ ብሎ በአሊዩ አምባ ቁልቁል ወረደ፤ ከጅቡቲ ጠረፍ ጀልባ ተሳፈረ፤ ጀልባዋም ተገለበጠች። ሬሳው አልተገኘም። መርዶ ነጋሪዎቹ ብልህ ቢሆኑ ኖሮ ብቻቸውን በመጡ ነበር፤ እነሱ ግን አብሮት ሄዶ የተረፈውን ጓደኛውን ይዘውት መጡ። ባዩሽ ክንዱን ጨምድዳ ይዛ «መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ስትል ጠየቀችው። እሱም የዋህ ነውና እውነቱን ነገራት።

«ውሃው ውስጥ ሆኖ ‹በረደኝ፣ በረደኝ› ይል ነበር። ይንቀጠቀጥ ነበር።»

በቃ። የደጋ እናት ይህን ሰምታ ምን ልትሆን ኖሯል? ባዩሽ የምታውቀው ውሃ የአንኮበርን ምንጭ ነው፤ በኅዳር ማለዳ ሲነኩት እጅ የሚያደነዝዘውን። ባሕር ማለት ያ ሁሉ ምንጭ አንድ ላይ የተጠራቀመበት መሰላት፤ ልጇ ደግሞ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። የቤቱን በግ ሁሉ ሸለተች። ጠጉሩን እያሳለች ፈተለች፤ ለሸማኔ ሰጠች፤ ወፍራም ጥቁር ባና ወጣው። «ወስጄ አለብሰዋለሁ» አለች።

ዘውዴ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ለመነ፤ በመጨረሻ የንስሐ አባቷን መምሬ ገብረ ጻድቅን ጠራ። ያስቆሙልኛል ብሎ ነበር።

«ውሰዳት» አሉት መምሬ። «በዓይኗ አይታ፣ አልቅሳ ይውጣላት። አለዚያ በዚህ ብርድ እሷንም ትቀብራታለህ።»

ዘውዴ ወይፈኑን ሸጠ። ደብረ ብርሃን የምታስተምረው ልጃቸው ህሊና ከሥራዋ ፈቃድ ወሰደች። ሦስቱም ወደ ቆላ ወረዱ፣ ድንበሩንም ተሻገሩ። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሸሚዙን ፈትቶ በላብ ሲጠመቅ ባዩሽ ባናዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ሙቀቱ ይኸው ነው እኮ» አለች ህሊና ቀስ ብላ።

«ምድሩ ቢሞቅስ? ውሃ ውሃ ነው» አለቻት።

ከባሕሩ ዳር ከተማ ከኦቦክ ሐመዱ የሚባል አማርኛ የሚሞክር ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አገኙ። ሸራ የሚዘረጋባት ትንሽ የእንጨት ጀልባ አለችው። የመጀመሪያው ቀን ነፋሱ እምቢ ብሎ ገና ከመነሻው መለሳቸው። በማግስቱ ግን ሸራው እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፋና ጀልባዋ ተስፈነጠረች። የከሰምን ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሳለ በዋና ተሻግሬያለሁ እያለ ሲፎክር የከረመው ዘውዴ ጥቂት እንደሄዱ ጠርዙን አቅፎ አንጀቱ እስኪወጣ ያስመልሰው ጀመር። ባዩሽ መሐል ላይ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ ተቀመጠች። ልጇን የበላ ነውና ልትነካው አልፈለገችም።

አንድ ትልቅ ዓሣ ከጎናቸው ዘለለ። ህሊና ሳታስበው ሳቀች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እናቷ ፊት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ባዩሽም ልትስቅ ምንም አልቀራት። ያን ጊዜ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ትዝ አላትና ከንፈሯን ነከሰች።

ፀሐይ ወደ ተራሮቹ ስታዘነብል ሐመዱ ሸራውን አወረደ።

«እዚህ ነው እናቴ» አለ።

«በምን አወቁ?» አለች ህሊና። ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሽማግሌው ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ባዩሽ ግን አልጠየቀችም። ለሁለት ዓመት መቃብር ስትፈልግ የኖረች ሰው ያሳዩዋትን ትቀበላለች።

ተንበረከከች። ባናውን ዘርግታ፣ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው ጫፍና ጫፉን አስተካክላ ይዛ፣ «ናቲዬ፣ ይኸው፣ መጣሁልህ» እያለች ወደ ውሃው አጎነበሰች። እጇ ክንዷ ድረስ ገባ።

ሌላውንም እጇን ጨመረች።

«ሙቅ ነው» አለች።

ዘውዴ ከወደቀበት ቀና አለና እሱም እጁን ከተተ። ፊቱ በራ። «አንቺ! እውነትም! ይኸው፣ አልበረደውም እኮ! በሙቅ ውሃ ነው የተኛው! ተመስገን በይ እንጂ!»

ባዩሽ የባናውን ጫፍ ከውሃው አወጣች። ዓይኗ ሐመዱ ላይ ነበር።

«ሌሊትም እንዲህ ነው?»

«ሌሊትም» አለ ሽማግሌው።

«እንግዲያ ልጄ ምን ሆኖ ነው በረደኝ ያለው?»

መልሱን ጀልባዋ ላይ ያሉት ሁሉ ያውቁታል፤ አፍ አውጥታ የተናገረችው ራሷ ናት።

«ፈርቶ ነዋ። የተንቀጠቀጠው ፈርቶ ነው።» ድምጿ እየሰለለ ሄደ። «እኔ ቂል፣ ለብርዱ ባና ስፈትል ከረምሁ። ለፍርሃቱ ማን ነበረው?»

ህሊና ልታቅፋት ሞከረች፤ እናቷ ድንጋይ ሆናባታለች። ሐመዱ ሸራውን መልሶ አወጣ። ሲመለሱ ነፋሱ በረታ፣ ባዩሽን ሳሉ ያዛት። ህሊና ባናውን አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት፤ እንደ ልማዷ ትገፍፈዋለች ብላ ጠበቀች። አልገፈፈችውም። እንዲያውም ወደ አንገቷ ሳበችው። ዘውዴ ያንን አየና ዓይኑ እንባ ሞላ። «ዳነች» አለ ለሐመዱ፣ «ተመስገን፣ ባሕሩ አዳናት።»

ባዩሽ ሰማችው። ያዳናት ነገር እንደሌለ ልትነግረው አቅም አልነበራትም። ባናው ይሞቃል፤ ልጇ ካልበረደው ከእንግዲህ ስለ እሱ ብላ በብርድ መቀጣቷ ትርጉም የለውም፤ ለልጇ የምታደርግለት የቀረ ነገር የለም። ከኋላቸው እየራቀ ወደሚሄደው ውሃ ዞረች።

«አይዞህ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አይዞህ፣ እኔ አለሁ።»

ዘውዴ ለእሱ መስሎት አፉን በእጁ ጠረገና «ደህና ነኝ፣ አሁን ተሽሎኛል» አላት።