ከመጋረጃው ጀርባ

"እስቲ ድገሚልኝ፣" አላት ስልክ ጠጋኙ፣ የፈታውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ትቶ።

ልጁ ከኮሌጁ የመጣውን መልስ ደገመችለት። "ውጤትሽ ጥሩ ነው። ነገር ግን በማመልከቻሽ ላይ ጥንካሬሽንና የሥራ ልምድሽን የሚያሳይ ነገር ስላላገኘን የነፃ ትምህርት ዕድሉን ልንሰጥሽ አልቻልንም።"

"ልምድ የላትም አሉ? አንቺን?"

"እነሱ ምን ያድርጉ፣ አባዬ? ባዶ ወረቀት ነው የላክንላቸው።"

"የላክንላቸው" ማለቷ ጥፋቱን ልትጋራው ብላ ነው እንጂ፣ ወረቀቱን ባዶ ያደረገው እሱ ብቻ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ረቂቁን አንብባለት ነበር። "ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ በአባቴ ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ። ሌላ ቦታ 'አይሠራም' ተብለው የተመለሱትን አስነስቻለሁ። የአባቴ ዓይን ስለደከመ፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ጥቃቅኑን ብየዳ በሙሉ የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ያኔ ጠጋኙ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ "ሰው ራሱን እንዲህ ይክባል? ነውር አይደለም? ሌላው ያመስግንሽ እንጂ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣" አለና ሁሉንም አንድ በአንድ አስጠፋት። በምትኩ "ታታሪና ትሑት ተማሪ ነኝ" የሚል አስገባ። የዚያን ዕለት ስለ ትሕትና ያልተናገረው አልነበረም፤ ቄስ ቢሆን ኖሮ ምእመናኑ ያለቅሱ ነበር። እውነቱ ግን ፍርሃት ነው። ዓይኑ መድከሙ ከተሰማ ደንበኛ የሚሸሸው መሰለው። ልጁን ከመጋረጃ ጀርባ የሚያሠራትም ለዚሁ ነበር። እሱ ከፊት ተቀምጦ ስልኩን ይቀበላል፣ "ነገ ኑ" ይላል፣ ወደ ኋላ ያሳልፋል። በማግስቱ ምርቃቱን የሚቀበለው ራሱ ነው።

አሁን ማመልከቻው ዳግም የሚከፈተው በዓመቱ ነው፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

"ለትሕትና ብዬ አልነበረም ያስጠፋሁሽ፣" አላት ቀና ብሎ ሳያያት።

"አውቃለሁ።"

"ታውቂ ነበር?"

"አባዬ፣ የምትጥላቸውን ብሎኖች ከወለል የምለቅመው እኔ አይደለሁ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እንዳታፍር ብዬ ነዋ።"

ይኼ ከኮሌጁ መልስ የባሰ አመመው። በዚህ መሃል ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ ስልክ ይዛ ገባች። ልጅቱም እንደ ልማዷ ወደ መጋረጃው ጀርባ ሄደች።

"ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ባለፈው የሠሩልኝ እስካሁን እንደ አዲስ ነው። ይኼ ደግሞ የእህቴ ነው፣ አልነሳ ብሏት።"

እጁ እንደ ልማዱ ሊቀበል ተዘረጋ። ከዚያ መልሶ ሰበሰበው።

"እኔ አይደለሁም የሠራሁት፣" አለ። "ልጄ ናት። እኔ ብሎን እንኳ ማየት ካቃተኝ ሦስት ዓመቴ ነው።"

ፀጉር ሠሪዋ ወደ መጋረጃው አየች፣ እሱንም አየች። "እና እስከ ዛሬ ለምን ደበቋት?"

"ፈርቼ፣" አለ።

ወንበሩን ለቆ ተነሳ፤ መብራቱንም ወደ ባዶው ወንበር አዞረው።

"ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ። ምን እንደነካው አንቺው ንገሪያት፣" አለና መጋረጃውን ከሽቦው ላይ ማውለቅ ጀመረ።