የጓድ ፈቃደ የእሳት ወፍ

የእሳት ወፍ ምን እንደሚመስል መንደራችን ጫኖ ውስጥ የማያውቅ የለም። ያየው ግን አንድም ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ የሠራሁትም እኔ ነኛ!

አንገቱ ረጅም ነው፣ ላባ የለውም፣ ፍም ይመስላል። ክንፉን ሲዘረጋ የተለኮሰ የሣር ክዳን ነው። አይዘምርም፣ መንቆሩን ብቻ ያንቀጫቅጫል። የሚኖረው በሁለቱ ሐይቆች መሃል፣ እግዜር ድልድይ በሚባለው ቀጭን መሬት ላይ ነው። አባያ ውሃው የቀላው እሱ ስለሚታጠብበት ነው ይላሉ። የሚያርፈው በደል የደበቀ ሰው ጣራ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን ዝም ብሎ ያያል። ሁለተኛ ቀን መንቆሩን ያንቀጫቅጫል። ሦስተኛ ቀን ቤቱ ይነዳል። ሰውየው ዱቡሻ ወጥቶ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ሜዳ ማለት ነው፣ በሕዝብ ፊት በደሉን ከተናገረ ወፉ ይነሳለታል። ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ከዋጠ ግን ንቅንቅ አይልም። ይሄን ሁሉ የነገረን ጋሽ ገነነ ነው፣ መረብ ስንጎትት የሚመራን ሽማግሌ። እንግዲህ ውሸት ከሆነ የእሱ ነው።

እኔ ኦይታ እባላለሁ። ሰፈር ግን ዘጠኜ ነው የሚለኝ። የቀኝ እጄን ጠቋሚ ጣት አዞ በልቶብኛል። ለውትድርና ሲመዘግቡን ሐኪሙ እጄን አየና "ቃታ በምን ልትስብ ነው?" ብሎ ስቆ መለሰኝ። ስለዚህ አዞውን አልቀየምኩትም። ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የመምህሩ ወንበር ላይ አምባዛ አስቀመጥኩ፣ ነፍሱ ያልወጣ አሣ፣ እሳቸውም ሳያዩ ተቀመጡበት። ከዚያ ወዲህ እኔም እሳቸውም ትምህርት ቤት አልወደድንም።

ወንድሜ ዳልጮ እንደኔ አይደለም። ማረስ ነው፣ ሙዝ መሸከም ነው፣ "እሺ" ማለት ነው። ጉዱም ከዚህች "እሺ" ነው የመጣው።

ሰባ ስምንት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በምዕራብ አባያ በኩል የወታደር መኪና መጣ። ከኛ ገበሬ ማኅበር አሥራ ሁለት ወጣት ይፈለጋል። ሊቀመንበራችን ጓድ ፈቃደ ስም ሲጠራ አሥራ አንድ ሆነ። አሥራ ሁለተኛው የገዛ ልጁ ሀብተጊዮርጊስ ነው። እሱን በዋዜማው ገረሴ፣ አክስቱ ጋ ደብቆታል። እንዲህ ሲቸግረው ዳልጮ የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ ወደ ገበያ ሲያልፍ አየው።

"ና እስቲ የኔ ጀግና፣ እነዚህን ጆንያዎች መኪናው ላይ አውጣልኝ።"

"እሺ" አለ ዳልጮ።

ሙዙን መሬት አስቀምጦ ወጣ። እኔ ከታች አቀብላለሁ፣ እሱ ከላይ ይቀበላል። አራተኛውን ጆንያ እንዳቀበልኩት ጓድ ፈቃደ ለመቶ አለቃው "ሞልተዋል" አለው። የኋላው በር ተዘጋ። ወንድሜ ጆንያ እንዳቀፈ ሄደ። ሙዙ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ጓድ ፈቃደ "ጓድ ዳልጮ ማንም ሳይጠራው ዘመተ!" ብሎ አስጨበጨበ።

"ውሸት ነው! ጆንያ ሊጭን ነው የወጣው!" ብዬ ተነሳሁ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አምባዛ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ማን ያምነዋል? ጓድ ፈቃደ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

"ተቀመጥ ዘጠኜ፣ አሥር ሲሞላልህ ትናገራለህ!"

ያ ሳቅ አሥር ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። እንደ አሣ አጥንት፣ አይወርድም አይወጣም።

እናቴ ወርቂቱ የጸሎት ቤቷ ተዘግቶ የማኅበሩ ዕቃ ቤት ከሆነ ወዲህ መዝሙሯን አፏን ዘግታ ነው የምታዜመው። ቀን ቀን ጥጥ ትፈትላለች፣ ዳልጮ ሲመለስ የሚለብሰው ጋቢ እንዲሆን።

"በቀል የጌታ ነው ልጄ፣ ተወው" ትለኛለች።

"ጌታ ሥራ በዝቶበታል እማ፣ ትንሽ ላግዘው።"

እንዝርቷን ትወረውርብኛለች።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ጓድ ፈቃደ በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት፣ "አታልዬ ነው የጫንኩት" እንዲል። እሱ ካለና ማኅተም መትቶ ከጻፈ ዳልጮ ይመለሳል አሉኝ። እኔ ስናገር ሳቅ ነው፣ እሱ ሲናገር ደብዳቤ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል መፈክር የሚጻፍበት የእንጨት በር ሊያሠራ ጓድ ፈቃደ አስጠራኝ። መፈክር የምጽፈው እኔ ነኝ። ማንበቡ ያንገዳግደኛል፣ ግን ወረቀት ላይ የተጻፈውን አይቼ እንጨት ላይ እስለዋለሁ። በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ አንዳንዱን ቃል ዓይኔ ለምዶታል፤ "ክብር"፣ "እናት ሀገር"፣ "መስዋዕትነት"።

"ዘጠኜ፣ ጣት ባይኖርህም እጅህ ቀጥ ያለ ነው" አለኝና ከእናቴ ጸሎት ቤት ሁለት ቆርቆሮ ቀይ ቀለም አውጥቶ ሰጠኝ። "እንዳታባክን!"

"አንዲት ጠብታ አትባክንም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

እውነቴን ነው፣ አልባከነችም። አንዱ ቆርቆሮ ለአብዮቱ፣ አንዱ ለእሱ።

አሣ የምንዘለዝልበት ዳርቻ ላይ አባ ኮዳ መአት ነው። ያ ራሰ በራ፣ ጉሮሮው ላይ ኮረጆ ያንጠለጠለ፣ እንደ ዳኛ እጁን ወደኋላ ያጣመረ የሚመስል ትልቅ ወፍ። አንዱ ትንሽ ያነክሳል፣ የኔ ወዳጅ ነው፤ የአሣ ሆድዕቃ ከእጄ ይበላል። እሱን በቀረሶ አሣ ጭንቅላት አታልዬ ወጥመድ ውስጥ አስገባሁትና ጆንያ ፊቱ ላይ ጣልኩበት። አዎ፣ ጆንያ። ከጓድ ፈቃደ ነው የተማርኩት። ክንፉን፣ ጀርባውን፣ ደረቱን ቀባሁት። አናቴን ሁለቴ በመንቆሩ ወቀረኝ። ስንጨርስ ሁለታችንም ቀይ ነበርን። እኔ በጋዝና በአሸዋ ታጠብኩ፣ እሱ አልታጠበም።

ከዚያ ወንጭፌን አወጣሁ፣ ከበቆሎ ላይ ወፍ የማባርርበትን። ዘንድሮ ወፍ መጥሪያ ሆነ። ሊነጋጋ ሲል ከሙዝ ተክሉ ውስጥ ሆኜ ሆድዕቃና የአሣ ጭንቅላት የጓድ ፈቃደ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወነጨፍኩ። ወዳጄ አየኝ፣ ሽታው መራው፣ መጣ።

አባ ኮዳ ጠዋት ጠዋት ክንፉን ለፀሐይ ዘርግቶ ይቆማል፣ ልማዱ ነው። በልቶ ጨረሰና ዘረጋ። ፀሐይዋ ከኋላው ወጣች። እናንተዬ! የሠራሁት እኔ ሆኜ የራሴን በደል መቁጠር ጀመርኩ።

ጓድ ፈቃደ መፋቂያውን ጎርሶ ወጣ። ቀና አለ። መፋቂያው ወደቀ።

"ማሚቱ!" ብሎ ሚስቱን ጠራ።

ማሚቱ ወጥታ አየችና ጮኸች። "ምን አድርገሃል? ምን ደብቀሃል አንተ ሰውዬ?"

"ምንም! ይሄ... ይሄ ተራ ወፍ ነው!"

"ተራ ወፍ እሳት ይለብሳል?"

በሁለተኛው ቀን መንደሩ በሙሉ አጥሩ ላይ ነበር። ጣራው ላይ ሆድዕቃ እያነሰ ሲመጣ ወዳጄ ተናደደና መንቆሩን ያንቀጫቅጭ ጀመር። ቀጭ ቀጭ ቀጭ! ሴቶቹ እልል ይበሉ ይጩኹ አላወቁም። ጓድ ፈቃደ ታጣቂውን ዳምጤን "ተኩስ!" አለው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እሳት በጥይት ይመታል እንዴ?"

"ይሄ የአድሃሪያን ወሬ ነው! ጎጂ ባህል ነው! ደግሞ የኔ ቤት ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ አይቃጠልም!"

"ከበደል ነጻ ነኝ ሳይሆን ቆርቆሮ ነኝ ነው ያለው" አለ ጋሽ ገነነ፣ ለብቻው እንደሚያወራ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

ሦስተኛው ቀን ሳይነጋ ጓድ ፈቃደ መሰላል ላይ ወጥቶ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ ተቀመጠ። ወፉ መጣና አጠገቡ አረፈ። ተያዩ። ራሰ በራና ራሰ በራ። ወዳጄ አንዴ መንቆሩን ሲያንቀጫቅጭ ባልዲው ወደቀ፣ ባለቤቱም ተከተለው። ጓድ ፈቃደ ተነስቶ እያነከሰ በቀጥታ ወደ ዱቡሻ ሄደ። አሁን ሁለቱም ያነክሳሉ።

ሜዳው ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ጓድ ፈቃደ ቆሞ ተናገረ፤ ልጁን እንዴት እንደደበቀ፣ ዳልጮን "ጆንያ አውጣልኝ" ብሎ እንዴት እንዳታለለው፣ "ሞልተዋል" እንዳለ። አንድ ሰው አልሳቀም። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ደስታዬ ተራ ደስታ እንዳይመስላችሁ፣ ፊቴ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

"ደብዳቤ ጽፌ አስመልሰዋለሁ። በማኅተም!" አለ።

ከዚያ ያላሰብኩት መጣ። ጋሽ ገነነና ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ነጭተው ይዘው እኔና እናቴ ፊት ተንበረከኩ። በኛ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ አይባልም፤ እምቢ ያለ ሰው መርገሙ ወደሱ ይዞራል። እናቴ ወዲያው "ይቅር ብያለሁ" አለች። እኔ ሆዴ "ገና ነው፣ ገና አልጠገብኩም" ይላል። ጋሽ ገነነ ከጉልበቱ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ።

"ልጄ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ቶሎ በል።"

"ይቅር ብያለሁ" አልኩ። በአፌ።

ቃሌን ጠበቅሁ። ወንጭፉን ሰቀልኩ፣ ሆድዕቃ መወርወር አቆምኩ። ግን አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አባ ኮዳ አንድ ቦታ ጠግቦ ከበላ ዓመትም ቢሆን ተመልሶ ይመጣል። ሣር ያዙ አልያዙ ምን አገባው? ወፉ በየጠዋቱ የጓድ ፈቃደ ጣራ ላይ ይመጣል፣ ክንፉን ይዘረጋል፣ ባዶ ቆርቆሮ ያያል፣ ይናደዳል፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

"ታርቋል አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ቀረው?" ይላል ሰው።

ማሚቱ ልብሷን ጠቅልላ ወንድሟ ቤት ሄደች። ጓድ ፈቃደ መብላት ተወ። በዓሉ አልፎ በሳምንቱ፣ መረብ ስጠግን፣ ሐይቁ ድረስ ወረደ። ኮቱ ኪስ ውስጥ እጁን ከትቷል።

"ኦይታ" አለኝ። ዘጠኜ አላለኝም፤ ያኔ ነው የፈራሁት። "ሁሉንም አልተናገርኩም።"

የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ተቀበልኩት። እንደ ሕፃን ፊደል ፊደሉን እየቆጠርኩ ሄድኩበት፣ ብዙው አልገባኝም። ግን መሃሉ ላይ ሦስት ቃላት አገኘሁ። ክብር። እናት ሀገር። መስዋዕትነት። እነዚህን ማንም ሊያነብልኝ አያስፈልግም፣ አራት ዓመት በቀይ ቀለም ስስላቸው የኖርኩ ነኝ። ከበላያቸው የወንድሜ ስም።

"መቼ ነው የመጣው?"

"ሰኔ ላይ።"

ሰኔ! ዱቡሻ ላይ "አስመልሰዋለሁ" ሲል ይሄ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲንበረከኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። እጄ ላይ የአሣ ቢላ ነበረኝ። ጓድ ፈቃደም አየው፣ አልሸሸም። ሊወጋኝ ነው ብሎ የተዘጋጀ ሰው መውጋት ደግሞ ምን ያረካል? ቢላውን ውሃ ውስጥ ወረወርኩት።

"ይሄን ወረቀት ለእናቴ አንተ ታነብላታለህ" አልኩት። "አንቱ" ማለቱ ከአፌ ጠፋ። "ቆመህ። እኔ አልነግርልህም፣ ሽማግሌም አይነግርልህም።"

"ኦይታ፣ በእግዚአብሔር..."

"እግዚአብሔር የለም ስትል አልነበር? ተነስ።"

በመንደሩ መሃል ከፊቴ እያነከሰ ሄደ። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ቆሞ አነበበ። ድምፁ መሃል ላይ ጠፋበት፣ "እንደገና፣ ከላይ ጀምር" አልኩት። እንደገና ጀመረ። እናቴ አላለቀሰችም። እንዝርቷ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ መዞሩን አቆመ።

"ፈቃደ" አለችው፣ "ከሰኔ ወዲህ ይሄን ሁሉ የፈተልኩት ለማን ነው?"

 

ጋሽ ገነነ ሲሰማ "በግማሽ የታረቀ አልታረቀም፣ ሣሩ ደርቋል" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓድ ፈቃደን ማንም ከእሳቱ ፍም አያበድረውም፣ ማንም ከጎኑ አይቀመጥም፣ ለቅሶ ሲመጣ ሰው ይነሳበታል። ደብዳቤና ማኅተም አለው፣ ሰው የለውም። ወፉ ሲመጣ አብሮት የሚያይ እንኳን የለም።

ወዳጄ ላባውን እስኪቀይር ድረስ ቀይ ሆኖ ቆየ። ቀለሙ እየረገፈ፣ ነጩ እየታየ፣ ግን በየጠዋቱ እዚያው ጣራ ላይ ነው። "አንተ ነህ የምትመግበው?" ብላ እናቴ አንድ ቀን ጠየቀችኝ። ስለ ቀለሙ አልነገርኳትም፣ ግን እናት እናት ናት፣ ጥፍሬ ሥር ያለውን ቀይ አይታለች።

"እኔ? በጭራሽ!" አልኳት።

እንዝርቷን አልወረወረችብኝም። ከመረቡ አጠገብ የነበረውን የሆድዕቃ ቅርጫት በእግሯ ወደኔ ገፋ አደረገችው።