ጀርምም ሰውም

ባሌ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ሆዴ ከገፋ ወዲህም ቤት የምውለው ብቻዬን ነው። ጽንሱን ጀርም እንዳይነካብኝ ብዬ ጠዋት ማታ ወለሉን በበረኪና እፈትጋለሁ። ጎረቤቴን ሳይቀር "መጀመሪያ እጅሽን!" እያልኩ ከደጅ አመናጭቃት ነበር። አሁን ጀርምም ሰውም ዝር አይልም።

ዛሬ ለክትትል ስሄድ አዋላጇን የልብሴ የበረኪና ሽታ አስነጠሳት።

"እህቴ፣ ተራ ሳሙናና ውሃ ይበቃል። ይሄን ሁሉ ኬሚካል ስትተነፍሺው መዘዙ ለልጁም ሊተርፍ ይችላል" አለችኝ።

እስከዛሬ የት ነበርሽ ልላት ምንም አልቀረኝ።

ቤት ገብቼ የበረኪና ጠርሙሶቹን አውጥቼ ጣልኩ፤ መስኮቱንም በሩንም ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ሽታው ለቀቀ። የጎረቤቴን ኮቴ ደረጃው ላይ ስሰማ ወንበር ሳብኩላት።

እሷ ግን ደጄ ስትደርስ፣ እንዳስለመድኳት፣ አፍንጫዋን ይዛ ፈጠን ብላ አለፈች።